ቁጥሩ አንድ፣ ልኩ ሌላ

በድሬዳዋ ለብረታ ብረትና ለቧንቧ ሥራ ሰልጣኞች ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ ልጆች። ድሬ ላይ በዚህ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ በሚጋደምበት ሙቀት፣ እናንተን ሰብስቦ ማናገር ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። መምህሮቻችሁ ከሥራ ልምድህ አንድ ነገር አካፍላቸው ሲሉኝ ብዙ አላሰብኩም። ሠላሳ ዓመት በቶርኖና በሞርሳ ፊት ስቆም እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ጉዳይ ነው። እሱም ማሽን ላይ መጠን መቀየር ነው። ትናንት የዚህን ልክ ሲያወጣ የዋለ ማሽን ዛሬ የዚያን ልክ እንዲያወጣ ስናዘጋጀው የምንሠራው ሥራ ማለቴ ነው።

ከመጀመሬ በፊት ይህን ተቀባበሉልኝ። ሁለት ቁራጭ ቧንቧና አንድ ጎሚቶ፣ የቧንቧ ማጠፊያ መገጣጠሚያ፣ ነው። ሁለቱም ቧንቧ ግማሽ ኢንች ነው፣ ጎሚቶውም ግማሽ ኢንች ነው። እየተራችሁ አንዱን ቧንቧ ጎሚቶው ላይ በእጃችሁ አጥብቁት፣ ፍቱት፣ ሌላውን አጥብቁ። ምን እንደተሰማችሁ ግን አትንገሩኝ፤ በልባችሁ ያዙልኝ።

እኔ ሥራ የጀመርኩት እዚሁ ከተማ በአንድ ትንሽ ወርክሾፕ ነው። አለቃዬ በምድር ባቡሩ ጋራዥ ያደጉ፣ ፈረንሳይኛ የሥራ ቃል በአማርኛ መሃል የሚጥሉ፣ እጃቸው እንጂ አፋቸው ብዙ የማይናገር ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቀን ከውጭ ለመጣ የአሜሪካ ማሽን የሚሆን ቧንቧ ፊሌቶ፣ የሚጠብቅበትን ጥርስ ማለቴ ነው፣ ስናወጣ ዋልን። በማግስቱ የአንድ ዳቦ ቤት ሰው መጣ፤ ለምድጃው ናፍጣ የሚሄድበት መስመር ሊቀየር ነው፣ ግማሽ ኢንች ቧንቧ ተቆርጦ ፊሌቶ ይውጣለት ተባለ። ማሽኑ ላይ ግማሽ ኢንች ፊሌራ፣ ጥርሱን የሚቆርጠው መሣሪያ፣ ታስሯል። ግማሽ ኢንች ነው የተባልኩት። ቆረጥኩ፣ አወጣሁ፣ ቴፍሎን ጠምጥሜ ገጠምኩ። ገባ። ጠበቀ። ሒሳብ ተቀበልን።

ከሦስት ቀን በኋላ ሌሊት ሊጥ የሚያቦኩት ልጆች ወለሉ ላይ ናፍጣ አዩ። ፓምፑ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ጠብ፣ ጠብ ይል ነበር፤ ከምድጃው አፍ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት። እሳት አልተነሳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አለቃዬ ቧንቧውን ፈተው አመጡና ምንም ሳይሉኝ ከፊሌቶ መለኪያው ጋር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የእንግሊዙና የአሜሪካው የግማሽ ኢንች ቧንቧ ፊሌቶ ሁለቱም በአንድ ኢንች ውስጥ 14 ጥርስ አላቸው። ስማቸው አንድ፣ የጥርሳቸው ቁጥር አንድ። ግን የእንግሊዙ ጥርስ ማዕዘን 55 ዲግሪ ነው፣ የአሜሪካው 60። አንዱ ሌላው ውስጥ ይገባል፣ ይጠብቃልም፤ ውስጡ ግን ክፍተት አለ። እኔ የትናንቱን ፊሌራ ሳልፈታ ነው የዛሬውን ሥራ የሠራሁት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ነገር ከልቤ ስከታተል ኖሬያለሁ። አጥርቶ ያሳየኝ ግን ጨርሶ ያልጠበቅኩት ቦታ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሐረር ተወልዶ ጀጎል ውስጥ ያደገ፣ አሁን ኮሎራዶ ኦሮራ የሚባል ከተማ የሚኖር ሰው ነው። ልጠይቀው ሄጄ መኪና ማሳደሪያው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የታሰረ አንድ ሰማያዊ ማሽን አየሁ። የተተኮሰ ጥይት ቀለህ ሰብስበው እንደገና የሚሞሉበት ማሽን ነው። ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ ዒላማ ተኳሾች ማኅበር ይሄዳል፤ የሚተኩሰውን ራሱ ይሞላል። እዚያ አገር ለራሱ የሚሞላ ሰው በፌደራሉ ሕግ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ሞልቶ ለመሸጥ ነው ፈቃድ የሚያስፈልገው። እዚህ እኛ ዘንድ ግን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ይህ በየቤታችን የምንሞክረው ሥራ አይደለም፣ እንድትሞክሩትም አይደለም የማወራችሁ። የማወራችሁ ያ ማሽን ከአንድ ካሊበር፣ ከአንድ የጥይት ውፍረት ልክ፣ ወደ ሌላ ሲቀየር ያየሁት ጥንቃቄ ለእኛ ለቧንቧውም፣ ለቡሎኑም፣ ለብሎኬቱም የሚሆን ስለሆነ ነው።

ሥራውን ለማታውቁ ባጭሩ። አንድ ጥይት አራት ነገር ነው። ቀለህ አለ፣ የናሱ ቤት ማለት ነው። ከቂጡ ካፕሱል አለ፣ መርፌው ሲመታው እሳት የሚሰጠው። ውስጡ ባሩድ አለ። አፉ ላይ አረሩ አለ። ሲተኮስ አረሩ ይሄዳል፣ ባሩዱ ይነዳል፣ ካፕሱሉ ይሞታል፤ ቀለሁ ግን በእሳቱ ግፊት ትንሽ ተነፍቶ ይቀራል። ውዱም እሱ ነው። ማሽኑ የሞተውን ካፕሱል ያወጣል፣ የተነፋውን ቀለህ ወደ ልኩ ይመልሳል፣ አዲስ ካፕሱል ይተክላል፣ ባሩድ ይሰፍራል፣ አረር ያስቀምጣል፣ አፉን ይጨብጣል። የጋሼ ማሽን ዲሎን 550 የሚባለው ነው፤ አራት ማረፊያ ያለው ክብ ሳህን አለው፣ ሳህኑን በእጅ እያዞሩ እጀታውን ይጫኑታል። ሥራው ሁሉ አንድ ላይ ስለሚሄድ ሳህኑ ከሞላ በኋላ በእያንዳንዱ ጭነት አንድ ያለቀ ጥይት ይወጣል።

ያን ቅዳሜ 9 ሚሊ ሜትር ሲሞላ አርፍዶ ወደ 45 ሊቀይረው ነበር። 45 ማለት የኢንች መቶኛ ነው፤ በእኛ ልክ 11 ሚሊ ሜትር ከግማሽ ገደማ። እኔ የለመደ እጅ አለኝና አዲሱን ዳይ፣ ቀለሁን ልክ የሚያስይዘውን ብረት፣ አንስቼ ላቀብለው ስል፣ «ቆይ፣ ገና መቼ ባዶ ሆነ?» አለኝ። ከዚያ የሠራውን ቁጭ ብዬ አየሁ። ሲያስር የፈጀበትን ያህል ጊዜ ሲያጸዳም ፈጅቶበታል ብል አላጋንንም።

መጀመሪያ ካፕሱሎቹን ከቱቦው አውጥቶ ቆጠረ። ካፕሱል ትንሽና ትልቅ አለው፤ የትንሹ ወርድ 4.45 ሚሊ ሜትር ነው፣ የትልቁ 5.33። ለ9 ሚሊ ሜትሩ ትንሹ ነው፤ ለ45ቱ እሱ የሚጠቀምበት ቀለህ ትልቁን ነው የሚወስደው። አንድ ትንሽ ካፕሱል ቱቦ ውስጥ ቀርታ ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ ብትወድቅ አትይዝም። ትልቁ ደግሞ ትንሽ ጉድጓድ ላይ ቢጫን ሊፈነዳ የሚችል ነገር በግድ እየተጨፈለቀ ነው። ስለዚህ ቆጠረ፣ ከመዝገቡ ጋር አመሳከረ፣ ከዚያ ወደ ራሳቸው ሳጥን መለሳቸው።

ቀጥሎ የባሩዱን መስፈሪያ ፈታ። ባሩዱን ወደ መጣበት ቆርቆሮ ገለበጠ፣ መስፈሪያውን በጣቱ ደጋግሞ መታ፣ በመብራት ውስጡን አየ፣ ቆርቆሮውን ከድኖ ከክፍሉ አወጣው። ጠረጴዛው ላይ በአንድ ጊዜ ከአንድ ቆርቆሮ ባሩድ በላይ አይቀመጥም፤ ይህ የእሱ ሕግ ነው፣ በሥራው ያሉ ጥንቁቆች ሁሉ ሕግ ነው። ባሩድ ሁሉ አንድ ይመስላል፤ ጥቁር ግራጫ ፍርፋሪ ነው። አንዱ ግን ቶሎ ይነዳል፣ ሌላው ቀስ ብሎ ነው የሚነደው። ቀስ ብሎ ለሚነደው የተሰፈረውን ያህል ቶሎ የሚነደውን ብታደርግበት ብረቱ አይችለውም። ጣትህ ልዩነቱን አይነግርህም፣ ዓይንህም አይነግርህም። የሚነግርህ የቆርቆሮው ጽሑፍ ብቻ ነው። ጽሑፉ እውነት የሚሆነው ደግሞ ሌላ ነገር ካልተቀላቀለበት ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። የተጸዳውን የ45 ቀለህ ከባልዲ አወጣና እንደ ሽሮ እህል ትሪ ላይ ዘርግቶ ለቀመ። ለምን ብዬ ስጠይቀው አንዱን አንስቶ እጄ ላይ ገለበጠው። ከውስጡ የ9 ሚሊ ሜትር ቀለህ ወጣ። ትንሹ ትልቁ ውስጥ ገብቶ፣ አፍ ለአፍ ተስተካክሎ፣ ከላይ ለሚያየው አንድ ቀለህ መስሎ ተቀምጦ ነበር። «አየህ፣ የትናንቱ ሥራ ዛሬው ውስጥ እንዲህ ነው የሚደበቀው» አለኝ። የዳቦ ቤቱ ቧንቧ ትዝ አለኝ። ያንን ቀለህ ለምኜ ወስጄ እስካሁን መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ አለ።

ማሰሩ እንዲህ ነው። ዳዮቹ ያሉበትን ራስ ሁለት ፒን ነቅሎ ሙሉውን ያወጣዋል፤ ለ45ቱ የተሰናዳ ሌላ ራስ አለው፣ ዳዮቹ ተስተካክለው፣ መቆለፊያ ዳዷቸው ታስሮ። ይህን ልብ በሉልኝ። የዳይ ውጫዊ ፊሌቶ በብዙዎቹ ማሽኖች አንድ ዓይነት ነው፤ 7/8 ኢንች፣ በኢንች 14 ጥርስ። አረንጓዴውም ማሽን፣ ቀዩም፣ ሰማያዊውም ይቀበለዋል። ስለዚህ ማንኛውም ዳይ ማንኛውም ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። መግባቱ ግን ስለ ውስጡ የሚነግርህ ነገር የለም። ቀጥሎ የቀለህ መያዣውን ሳህን ይቀይራል፤ ቀለሁን በቂጡ ዙሪያ ባለች ቦይ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ ለቂጡ ልክ የተሠራ መሆን አለበት። የሳህኑን ቡሎን ሲያጠብቅ ትዕግሥቱን አየሁ። ከመጠን በላይ ቢጠብቅ ሳህኑ አይዞርም፤ ቢላላ ቀለሁ ያጋድላል፣ ካፕሱሉም ተጣሞ ይገባል። አጥብቆ ጥቂት ይመልሰዋል፣ ያዞረዋል፣ እንደገና ይሞክረዋል፤ ሲስማማው ብቻ ማቆሚያዋን ብሎን ያስራል። ሦስቱን የቀለህ መደገፊያ ቁልፎች፣ የካፕሱሉን መትከያ፣ ባሩዱ የሚወርድበትን ማሰሮ አፍ የመሰለ ጉሮሮ፣ ሁሉንም ለአዲሱ ልክ ቀየረ።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ መሙላት የጀመረ መሰላችሁ? የመጀመሪያዋን ያለ ባሩድ፣ ያለ ካፕሱል ነው የሠራት። የማትተኮስ ጥይት። ርዝመቷን በካሊፐር ለካ፣ ከዚያ መለኪያ ብረቱ ውስጥ ጣላት። መለኪያው የጥይት ማደሪያው ልክ ተደርጎ የተቦረቦረ ነው፤ ጥይቷ በራሷ ክብደት ጠብ ብላ ገብታ፣ ሲገለብጡት በራሷ ክብደት መውጣት አለባት። በጣት ገፍቶ ማስገባት የለም። የመጀመሪያዋ ጫፏ ትንሽ ከፍ ብላ ቀረች። ዳዩን ከሩብ ዙር ያነሰ አወረደ፣ ሌላ ሠራ፣ ጣለ። ሦስተኛዋ ላይ ልክ መጣ።

ባሩዱን ሲያስተካክል ደግሞ አሥር ጊዜ ሰፍሮ አሥሩንም መዘነ። እነሱ የሚመዝኑት ግሬን በሚባል ነው፤ አንድ ግሬን 0.0648 ግራም ነው። አንዲት የሽጉጥ ጥይት ግማሽ ግራም እንኳ ባሩድ ላትይዝ ትችላለች። ከቀለሁ ግማሽ በታች ስለሚሆን ሳህኑን ማዞር ረስቶ ሁለት ጊዜ ቢሰፍርበት አይፈስም፣ አይታይም፤ እጥፍ ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ከማሽኑ በላይ መብራት አስሯል፤ አረሩን ከማስቀመጡ በፊት እያንዳንዱን ቀለህ ውስጥ ያያል። ስልክ ሲጮህ አይመልስም። ልጁ መጥታ «አባ» ስትለው እንኳ እጀታውን ወደ ላይ መልሶ፣ ሳህኑ ላይ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ነው ዞር ያለው። እኛ ወርክሾፕ ፊሌቶ እያወጣን ሻይ የምናዝዝ ሰዎች ነን።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ፤ ርዕሴ ያደረግኩት እሱን ስለሆነ።

እጃችሁ ላይ ያለውን ቧንቧ ለኩት እስቲ። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ውጪው 21 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይመጣላችኋል። ውስጡም ልክ ግማሽ ኢንች አይሆንላችሁም። ግማሽ ኢንች ስሙ ነው። ጥይትም እንዲሁ ነው። 38 የሚባለው የሽጉጥ ጥይት አረሩ 0.357 ኢንች ነው። 9 ሚሊ ሜትር የሚባሉት ሁሉ አንድ አይደሉም፤ የማካሮቭ ሽጉጥ 9 ሚሊ ሜትር አረር ከተለመደው 9 ሚሊ ሜትር ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል። ሩብ ሚሊ ሜትር ምን አላት እንዳትሉኝ። በቶርኖ የሠራ ሰው ሩብ ሚሊ ሜትር ስንት ሥራ እንዳበላሸች ያውቃል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን 7.62 ነው። ይህን ቁጥር በአገራችን ያልሰማ የለም። የክላሹ ጥይት 7.62 ነው፣ ቀለሁ 39 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። የኔቶው ጥይት 7.62 ነው፣ ቀለሁ 51 ነው። ከአሜሪካ የመጣው የኤም ዋን ጋራንድ ጥይት በሚሊ ሜትር ሲነገር 7.62 ነው፣ ቀለሁ 63። የድሮው የሩሲያ ጠመንጃና መትረየስ 7.62 ነው፣ 54፤ ያውም ቂጡ ከንፈር ያለው። አራቱም አንዱ በሌላው ማደሪያ አይሠራም። አረራቸው እንኳ አንድ አይደለም፤ የኔቶው ውፍረት 7.82 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የክላሹ 7.9 ይደርሳል። ሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲገባ፣ ውጊያው ድሬዳዋ በር ላይ ደርሶ ሐረርም ስትከበብ፣ የኢትዮጵያ ሠራዊት ሃያ ዓመት በላይ የለመደውን የአሜሪካ መሣሪያ ትቶ ወደ ሶቪየት መሣሪያ እየዞረ ነበር። በጦርነት መሃል ካሊበር መቀየር ማለት ይህ ነው። የመጋዘን ጠባቂው፣ ሾፌሩ፣ ሳጥን ተሸካሚው፣ 7.62 የሚል ጽሑፍ አይቶ ብቻ ሳጥን ቢያነሳ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። ያንን ቁጥር ከነርዝመቱ ያነበቡ ሰዎች ሥራቸው አይወራላቸውም፤ እኔ ግን ሁልጊዜ አስባቸዋለሁ።

ሐረር ያደገ ሰው ደግሞ ውጅግራ የሚለውን ስም ከሽማግሌ አፍ ሳይሰማ አያድግም። ስሙ ፈረንሳይኛ ነው፤ ፉዚ ግራ፣ የግራ ጠመንጃ ማለት ነው። ግራ የተባለው የፈረንሳይ መኮንን ነው፤ ጠመንጃው እ.ኤ.አ. የ1874 ሥራ ነው፣ ካሊበሩ 11 ሚሊ ሜትር። ከእሱ በፊት የነበረው ሻስፖም 11 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ግን ጥይቱ በወረቀት የተጠቀለለ ነው። ፈረንሳዮች ብዙዎቹን ሻስፖዎች ወደ ግራ ቀየሯቸው። አፈሙዙ ያው 11 ሆኖ የጥይቱ ማደሪያ ለናስ ቀለህ ተሠራ። ካሊበሩ ሳይቀየር ጥይቱ ተቀየረ ማለት ነው።

የዚያ ዘመን የጦር መሣሪያ ወደ መሃል አገር የሚገባበት አንዱ ዋና መንገድ ከባሕሩ ተነስቶ በሐረር የሚያልፈው ነበር። በ1870ዎቹ ሐረር ነጋዴ ሆኖ የኖረው ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ፣ ዛሬ በስሙ ሙዚየም ያለው፣ ለምኒልክ ያመጣው ጭነት ውስጥ በካፕሱል የሚሠሩ አሮጌ ጠመንጃዎችና የሬሚንግተን ጥይቶች ነበሩበት። የካፕሱሉ ጠመንጃ ከአፈሙዙ የሚጎርስ ነው፣ የሬሚንግተኑ ጥይት ከኋላ ለሚጎርስ መሣሪያ የተሠራ ነው። በአንድ ቅፍለት፣ በአንድ ግመል ሰልፍ፣ የማይገናኙ ሁለት ነገሮች። በዚያን ጊዜ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ገንዘብ ይመነዘር እንደነበርም ተጽፏል። የውጅግራ ጥይት ለውጅግራ ባለቤት ነፍስ ነው፤ ሬሚንግተን ለያዘ ሰው ግን ከገበያ ዋጋው በቀር ምንም አይሠራለትም። ያን ጊዜ የነበሩ ሰዎች ቀለህ እየለዩ፣ በጣታቸው እየዳሰሱ ልክ የሚያውቁ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ካሊፐር ሳይኖራቸው።

የውጅግራ ታሪክ በዚህ አያበቃም፤ እንደውም ለእኛ ለማሽን ሰዎች ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ፈረንሳዮች ጭስ የሌለው ባሩድ አገኙና በ1886 አዲስ 8 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ፣ ለቤልን፣ በጥድፊያ አወጡ። አዲስ ጥይት ከመጀመሪያው ለመንደፍ ጊዜ አልሰጡም። የውጅግራውን የ11 ሚሊ ሜትር ቀለህ ወስደው አንገቱን ወደ 8 አጠበቡት። ቂጡ ሰፊ፣ ወገቡ በሁለት ደረጃ የሚጠብ፣ አንገቱ ቀጭን ሆነ። ጠመንጃው በጊዜው ከሁሉ የቀደመ ነበር። ነገር ግን ያን የመሰለ ቅርጽ ካዝና ውስጥ ሲደረደር ቀጥ ብሎ አይቀመጥም፤ ይጎብጣል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የነበራቸው ሾሻ የሚባል ቀላል መትረየስ ካዝናው እንደ ግማሽ ጨረቃ የተጠማዘዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚያ አርባ ዓመት ገደማ ቀድሞ ለባሩድ ጭስ ዘመን የተሠራው የውጅግራ ቂጥ አዲሱን መሣሪያ ሲከተለው ኖረ። እነሱ የቀድሞውን ልክ ሙሉ በሙሉ አልፈቱትም ነበር።

የተሻለ አስበው የሠሩም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1935 ለገበያ የቀረበው 357 ማግነም ከ38ቱ ጋር ውፍረቱ አንድ ነው፤ ግፊቱ ግን እጅግ ይበልጣል። በአሮጌ 38 ሽጉጥ ቢተኮስ ሽጉጡ ሊፈነዳ ስለሚችል ቀለሁን ሆን ብለው ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ አስረዘሙት። በቃ፣ አይገባም። የተሳሳተ ሰው እጁ ላይ ይቆምበታል፣ ሳይጎዳ ያውቀዋል። እኔ ከማውቃቸው የምህንድስና ሥራዎች ይህን ያህል የወደድኩት የለም። ተቃራኒውም አለ። 300 ብላክአውት የሚባል በቅርብ ዓመታት የወጣ ጥይት ቀለሁ 223 ከሚባለው የጠመንጃ ጥይት ቀለህ ተቆርጦ ነው የሚሠራው፤ ቂጡ አንድ፣ ካዝናው አንድ። አንዳንዱ ተሳስቶ 223 ጠመንጃ ውስጥ ሲደረግ ይገባል፣ መዝጊያውም ይዘጋል። ሲተኮስ 7.8 ሚሊ ሜትር አረር 5.7 በሆነ ቧንቧ ሊያልፍ ይሞክራል፤ ጠመንጃው ይፈነዳል። ጋሼ ሁለቱንም ይሞላል። ለዚህ ሲል የአንዱን ካዝና በቀይ ፕላስተር ጠቅልሎ፣ ሁለቱን በአንድ ቀን ወደ ተኩስ ሜዳ ይዞ አይወጣም።

ስለዚህ እናንተ ነገ ሥራ ስትገቡ የትኛው ስህተት በር ላይ እንደሚቆምና የትኛው ሰተት ብሎ እንደሚገባ ለዩ። የድሮው ባቡራችን ሐዲድ ስፋቱ 1,000 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደርሶ ይህችን ከተማ የወለዳት። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ 1,435 ነው። የአንዱ ፉርጎ በሌላው ሐዲድ ላይ አይቆምም፤ ማንም አይሳሳትም። እንዲህ ያለው ስህተት ሌሊት አያስነሳችሁም። የሚያስነሳችሁ የሚገባውና የሚጠብቀው ነው። ቧንቧው፣ የሚሊ ሜትሩና የኢንቹ ቡሎን፣ ሁለት ዙር ገብቶ በቁልፍ ስትጫኑት የሚያልፈው ዳዶ። እዚህ ድሬ ላይ የጣሊያን ማሽን አለ፣ የፈረንሳይ አለ፣ የቻይና አለ፣ የአሜሪካ አለ፤ ሁሉም የየራሱን ልክ ይዞ መጥቶ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛል።

እኔ ከጋሼ ማሽን ከተመለስኩ በኋላ ወርክሾፔ ውስጥ የለወጥኩት ብዙ አይደለም። ፊሌራ ሥራ ሲያበቃ ማሽኑ ላይ አያድርም፤ ተፈትቶ፣ ተወልውሎ፣ ስሙና ዲግሪው የተጻፈበት ሳጥን ውስጥ ይገባል። የተረፈ ዳዶና ቡሎን ከትሪው ተለቅሞ ካልወጣ አዲስ ሥራ አይጀመርም። የመጀመሪያው ቁራጭ ለደንበኛ አይሰጥም፤ ይለካል፣ ግድግዳው ላይ ባለው ሚስማር ይንጠለጠላል፣ ሥራው እስኪያልቅ እዚያው ይቆያል። አንድ ልጅ ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል ብሎኝ ነበር። አዎ፣ ይወስዳል፤ ሩብ ሰዓት። የዳቦ ቤቱን መስመር ፈትተን እንደገና ስንሠራ ሁለት ቀን ፈጅቶብናል፣ ሁለት ቀን ሰፈሩ ዳቦ አላገኘም።

ቧንቧዎቹ ዞረው የመጡ ይመስለኛል፤ አመሰግናለሁ። ስትቀባበሉ ፊታችሁን እያየሁ ነበር። ከመካከላችሁ ሦስት አራት ሰው ሁለተኛው ላይ ቆም ብሎ መልሶ ፈትቶታል፤ ሌሎቻችሁ ሁለቱንም አጥብቃችሁ አሳለፋችሁ። ይህ መለኪያ ሁለት ቅጠል አለው፣ አንዱ 55 ዲግሪ ነው፣ ሌላው 60፤ ሁለቱም በኢንች 14 ጥርስ ናቸው። መስኮቱ ጋ እቆማለሁ። አንድ በአንድ እየመጣችሁ ቅጠሉን ፊሌቶው ላይ አስቀምጡና ወደ ብርሃኑ አንስታችሁ እዩ። በአንደኛው ቧንቧ ጥርስ መሃል የድሬ ፀሐይ ታልፋለች።